«ኩሉ ዋሒድ» የሚባል ዕቃ የለም

ገዳሪፍ ኢስቤራት ሱቅ ገብቶ ለአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ የሚጠይቅ ሰው ከሁለት መልሶች አንዱን ይዞ ይወጣል። አንዱ «ማፊ» ነው፤ የለም። ሌላው «ኩሉ ዋሒድ» ነው፤ ሁሉም አንድ ነው፣ ውሰድና ግጠም። «ማፊ» ያለኝ ሰው ቢያንስ እውነቱን ነግሮኛል። ጠቤ ከሁለተኛው ጋር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሱዳናዊ ብቻ አይደለም። ዕቃውን በካርቶን አስጭነን ከወዲያ ወዲህ የምናሻግረው እኛው ራሳችን አለንበት።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ሐምሌ በአሮጌው ሃይሉክሴ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት እየወረድኩ ነበር። ጎኔ ቡናና ቅመም የሚነግዱ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ዶካን እንዳለፍን ሰማዩ ጠቆረ፣ ዶፉ ወረደ። ያገሩን ኸሪፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና የዋልካውን ጭቃ እያነሳ መስታወታችን ላይ ይለጥፋል። መጥረጊያውን የገዛሁት ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ አዲስ ነው። ጥቂት ሠራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከክንዱ ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ባዶው የብረት ክንድ መስታወቱን ይቧጥጠው ጀመር። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጥግ ስይዝ፣ ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ለጥቂት ስቶን አለፈ። እኒያ እናት ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ በዚህች ጎማ ልንሞት ነበር?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

መተማ ደርሼ ክንዱን በደንብ አየሁት። የክንዱ መንጠቆ ቀጭን ነው፣ የመጥረጊያው ማቀፊያ ደግሞ ለወፍራም የተሠራ ነው። ክፍተቱ በተቆረጠ ፕላስቲክ ተወትፎ ነው የተገጠመልኝ። በሻጩ ልቆጣ አሰብኩ። ግን ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ያንኑ ዓይነት ዕቃ በካርቶን አምጥቼ፣ ያንኑ ፕላስቲክ ወትፌ፣ «ለሁሉም ይሆናል» እያልኩ ሸጬአለሁ። ለእነማን እንደሸጥኩት ሁሉንም አላስታውስም፤ የት እንደተነቀለባቸውም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

«ሁሉም አንድ ነው» ውሸት መሆኑን ክንዱን በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጫፉን ብቻ ብናይ እንኳ አንድ አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ መንጠቆ ነው፤ ወርዱ 9 ሚሊ ሆኖ ውፍረቱ የአንዳንዱ 3፣ የአንዳንዱ 4 ሚሊ ነው። በቆዩት መኪኖች ላይ ደግሞ መንጠቆ የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ሳንጃ የሚሰካ ጫፍ አለ። ርዝመቱም ይለያያል። የረዘመው ከጓደኛው ጋር ይጋጫል ወይም የመስታወቱን ጠርዝ እየመታ ሞተሩን ያደክማል። ያጠረው ሾፌሩ የሚያይበትን ቦታ ሳይጠርግ ይመለሳል። ክንዱ ከሥር የሚቀመጥበት ዘንግ ደግሞ ጥርስ አለው። የሌላ መኪና ክንድ በመዶሻ አስገብተህ ብታጠብቀው ጥርሱን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ክንድ ቢመጣም አይዝም።

ያገለገለ ዕቃ ለምናመጣው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በዱባይና በሻርጃ በኩል ከሚገዛው መለዋወጫ ውስጥ ከጃፓን መኪና የተፈታ አለበት። ጃፓን በግራ መንገድ ነው የሚነዳው፣ መሪውም በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ሱዳን በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ቀኝ መንገድ ዞረዋል፤ የእኛ መሪ በግራ ነው። ስለዚህ ከጃፓን የመጣው የመጥረጊያ ማገናኛ ብረት ለእኛ መኪና የተገለበጠ ነው፤ በቀኝ ለተቀመጠ ሾፌር እንዲጠርግ ነው የተሠራው። ሞዴሉ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ዕቃው ግን ሌላ። ይህን ያላስተዋለ ነጋዴ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይምላል። መሐላው እውነት ነው፤ ችግሩ ኦሪጅናልነቱ ለሌላ መኪና መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክሴ ልምጣ። የሚያልቀው ጎማው ሆኖ ሳለ እኛ የምናመጣው ሙሉውን መጥረጊያ ነው፣ ያውም ርካሹን። ገዳሪፍ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መኪናው በበጋው ወራት በፀሐይና በሃቡብ አቧራ ውስጥ ይከርማል፣ መጥረጊያው ግን ሥራ የለውም። ጎማው የሚጠርገው ከንፈሩ በሄደበትና በተመለሰበት ቁጥር እየተገለበጠ ነው። ደርቆ የጠነከረ ከንፈር መገልበጡን ትቶ ይንቀጠቀጣል፣ ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ የሁሉም ሰው ጎማ በአንድ ሳምንት ይቀደዳል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ እኛም በዚያው ሳምንት ዋጋ እንጨምራለን። ያም ሳያንሰን የማይገጥመውን እንሸጥለታለን።

የአሮጌ መኪና የብረት ማቀፊያ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የድሮው ብረት እኛ በካርቶን ከምናመጣው ቆርቆሮ ይበልጣል። ጎማው ብቻ ተስቦ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ ሥራው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጎማው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ የራሱ የፋብሪካ ቁጥርም አለው። በቶዮታ በ85214 የሚጀምረው ቁጥር የጎማው ነው። በ85212 እና በ85222 የሚጀምሩት የሙሉው መጥረጊያ ናቸው። 85110 የሞተሩ፣ 85150 የማገናኛው ብረት ነው። ይህችን ያህል በደብተር መያዝ ማንንም አያቅትም። ታዲያ ጎማውን ለምን አናመጣም? አንዱ የሚያስገኘው ትርፍ ትንሽ ስለሆነ፣ ማሸጊያውም ዓይን ስለማይገባ ነው። ሌላ ምክንያት ያለው ይንገረኝ።

በሞተሩም ላይ ያው ነን። መጥረጊያው ሲቆም «ሞተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» እንላለን። ከመፍረዳችን በፊት ፊውዙን አይተናል? ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው፣ ወይም ውስጥ ያለው ግራሶ ደርቆ ጥርሱን ይዞታል። መጥረጊያው ሲላላና ሲወዛወዝ ደግሞ የሚያልቀው ማገናኛው ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ ናት። ይህችን ቡሽ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ስለሌለ ሰው ለእሷ ሲል ሙሉ ማገናኛ ይገዛል፣ ካላገኘም በሽቦ ያስራል።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጦርነቱስ?» ትሉኛላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ገዳሪፍ ዕቃ የምትቀዳበት ምንጭ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በፖርት ሱዳንና በከሰላ ዞሮ የሚመጣውን ነው የምንጠብቀው። በእኛ በኩል ያለው መንገድም ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ነገ ዝግ ነው። ይህን ማንም አይክድም። ጦርነቱ ግን ዕቃ አሳነሰ እንጂ የማይገጥመውን ይገጥማል በሉ አላለንም። እንዲያውም መንገዱ እንዲህ ሲጠብ ነው መምረጥ የሚገባን። አንድ ካርቶን ሙሉ መጥረጊያ በሚይዘው ቦታ ስንት ጎማ ይጠቀለላል? ጎማ በመንገድ አይሰበርም፣ ክብደቱም ለጫኝ አያስቸግርም። መንገዱ ሲከፋ ጎማ የሚያመጣ ነጋዴ ነው የሚያዋጣው።

«ገዢው የሚፈልገው ርካሽ ነው» የሚልም አለ። ገዢው የሚፈልገው የሚሠራ ነው። ርካሹን የሚገዛው ሌላ ስላላሳየነው ነው። በአንድ ኸሪፍ ሦስት ጊዜ የገዛ ሾፌር ሂሳቡን ሲደምረው ርካሽ አልገዛም። አራተኛ ጊዜ ደግሞ አይመጣም፤ መስታወቱ ላይ ሽንኩርት ወይም ትምባሆ አሽቶ መንገዱን ይቀጥላል። እሱ ውሃውን ትንሽ ያንሸራትት ይሆናል፣ የዋልካ ጭቃ ግን አያነሳም።

ሦስተኛው መልስ በጣም ያናድደኛል። «መኪናው ራሱ አሮጌ ነው፣ ይጣል» ይላሉ። ማን ነው የሚጥለው? በኢትዮጵያ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችህን ይዘህ ትኖራለህ ማለት ነው። በሱዳን በኩል ደግሞ መኪናውን በጦርነቱ ያጣው አጣ። የተረፈችለት ሰው ልጆቹንና ፍራሹን ጭኖ ከኻርቱም፣ ከወድ መደኒ ገዳሪፍ የገባው በእሷ ነው። አሁንም እንጀራው እሷ ናት። ይህን ሰው ጣላት ትለዋለህ? አሮጌዋ መኪና ገና ብዙ ክረምት ከእኛ ጋር ናት፤ ንግዳችንም ለእሷ መሆን አለበት።

የዝናብ መጥረጊያን በ1903 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስሟ ያስመዘገበችው ሜሪ አንደርሰን ናት። ሐሳቡ የመጣላት ኒውዮርክ ላይ በክረምት የትራም ነጂ መንገዱን ለማየት መስኮት ከፍቶ ሲቸገር አይታ ነው ይባላል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኔ ዶካ መንገድ ላይ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ። መጥረጊያ ስላልተፈለሰፈ አይደለም፤ በ4 ሚሊ ቦታ 3 ሚሊ ስለተወተፈ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም። ዕቃ የምታመጡ ወገኖች፣ ከመሄዳችሁ በፊት በደብተራችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የመጥረጊያው ርዝመት በሳንቲ፣ የክንዱ ጫፍ ዓይነትና ውፍረት፣ የጎማው ጀርባ ወርድ። የጎማው ጀርባ በብዙዎቹ 6 ወይም 8 ሚሊ ነው፤ ርዝመቱ ቢተርፍ በመቀስ ይቆረጣል። ስለዚህ ረጅሙን ካመጣችሁ ለአጭሩም ይሆናል፤ «ለብዙው ይሆናል» ማለት የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ከሆነ መሪው በየት በኩል ከነበረ መኪና እንደተፈታ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ዕቃውም ሰኔን አይጠብቅ፣ በግንቦት ይግባ።

ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች፣ ፕላስቲክ መወተፍ ይቅር። ካልገጠመ አልገጠመም በሉ። ሞተር ከመሸጣችሁ በፊት ክፈቱት። ያለቀ ካርቦን በቀየራችሁለት መኪና ደንበኛ ታተርፋላችሁ፣ ያለ ጥፋቱ ሞተሩን በጣላችሁበት መኪና ደንበኛ ታጣላችሁ።

ሾፌሮችም ከወቀሳው አታመልጡም። አሮጌውን መጥረጊያ ሳትይዙ ሱቅ አትምጡ፤ ሳይለካ የተገዛ ዕቃ ከዕጣ አይሻልም። በበጋ አቧራውን በደረቅ መስታወት ላይ በመጥረጊያ አታስጠርጉ፤ አሸዋው ጎማውንም መስታወቱንም ይበላል። ጎማውን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስታቆሙ ከፀሐይ ሸፍኑት። ውሃ የሚረጨውን ቀዳዳ በመርፌ ክፈቱት። በግንቦት አንድ ቀን ጀሪካን ውሃ አፍስሳችሁ ሞክሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በገላባት ሜዳ የተረፈ ሰው መተማን ተሻግሮ፣ የአይከልን ዳገት በጉምና በካፊያ ወጥቶ ነው ጎንደር የሚገባው። እዚያ ደግሞ ጥግ የሚያዝበት ሰፊ ሜዳ የለም።

የራሴን ድርሻ ልናገርና ላብቃ። ያንን በፕላስቲክ የተወተፈ መጥረጊያ ከእኔ የገዛችሁ፣ መተማም ሆነ ገዳሪፍ ስታገኙኝ ይዛችሁ ኑ። ማቀፊያችሁ ጤነኛ ከሆነ ጎማውን ያለ ክፍያ እቀይራለሁ፤ ካልሆነም የከፈላችሁትን እመልሳለሁ። አሁን የማመጣው በልክ የተጻፈ ጎማ ነው። የሌለኝን ዕቃ ብትጠይቁኝ ዓይናችሁን እያየሁ «ማፊ» እላችኋለሁ። ብታዝኑብኝም በሕይወት ኖራችሁ እዘኑብኝ።