የባንድ ስም ትርጉሙ ከመፈታቱ በፊት

ስለ ሙዚቃ ባንዶች በሚቀርቡ ጥናቶች አንድ የተለመደ አካሄድ አለ። አጥኚው የባንዱን ስም ይወስዳል፤ ቃሉን ይፈታል፤ ከዚያም ፍችውን የሙዚቀኞቹ የማንነት መግለጫ አድርጎ ያቀርባል። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ባዘጋጀሁት የጥናት ንድፍ ይህንኑ አድርጌ ነበር። የአዲስ አበባን ባንዶች ስሞች «ሀገርኛ» እና «ባዕድ» ብዬ በሁለት ዓምድ ከፈልኩ፤ ዋልያስን በመጀመሪያው፣ አይቤክስን በሁለተኛው አሰፈርኩ። አማካሪዬ ሠንጠረዡን ተመልክተው የጠየቁኝ የሁለቱን ፍየሎች ልዩነት ብቻ ነበር። «አይቤክስ» ዋልያ ለሚመደብበት የተራራ ፍየል ወገን የተሰጠ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። «ዋልያስ» ደግሞ የአማርኛውን ቃል ይዞ በእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት የሚጨርስ ነው። ሠንጠረዡ በዚያው ፈረሰ።

በእኔ አስተያየት የባንድ ስም አስቀድሞ የውል፣ የገበያና የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ ትርጉም የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የሮክ ሙዚቃ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። ብላክ ሳባት የተባለው የበርሚንግሃም ባንድ ቀድሞ «ኧርዝ» ይባል ነበር፤ በ1969 ስሙን የለወጠው በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ቡድን በመኖሩ ነው። አዲሱም ስም ቦሪስ ካርሎፍ ከተወነበት የ1963 አስፈሪ ፊልም የተወሰደ ነበር። ጂሚ ፔጅ በ1968 ከአዳዲስ ባልደረቦቹ ጋር ወደ ስካንዲኔቪያ የተጓዘው የተበተነውን የያርድበርድስን ውል ለመፈጸም ሲሆን፣ ሌድ ዜፕሊን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቃሉ አንድ ፊደል የተቀነሰውም አንባቢ «ሊድ» ብሎ እንዳይስተው ነው። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከፒንክ ፍሎይድ ሲለይ የተነሣው ክርክርም ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን የማን እንደሆነ ነበር።

ይህን ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ይዘን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትልልቆቹ የሙዚቃ ክፍሎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ስሙ የተቋሙ ነው፤ ሙዚቀኛው በስሙ ሥር ያገለግላል እንጂ ስሙን አይመርጥም። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ሲስፋፉም ልማዱ ወዲያው አልተቀየረም፤ ራስ ባንድ የተጠራው በራስ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታወቁት ዋልያስ፣ አይቤክስና ዳህላክ ግን ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሊዘዋወር የሚችል ስም ያዙ። አዲሱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ፍየል መሆኑ፣ በቀይ ባሕር ያለ ደሴት መሆኑ ሁለተኛ ነገር ነው።

አይቤክስ በደርግ ዘመን ሮሃ የሆነበትን ሁኔታ እንመልከት። ሮሃ የላሊበላ ጥንታዊ ስም ስለሆነ፣ ለውጡን «ወደ ሥር መመለስ» ወይም የአብዮቱ ግፊት ብሎ ለመተርጎም ይቀላል። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ስም ያልወደደ አብዮት የቅዱስ ንጉሥን ከተማ ስም ለምን ይመርጣል? ትርጓሜው ብዙ አያራምድም። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እነማን እንደተሻገሩ ነው። ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ሥዩም በሁለቱም ስሞች ተጫውተዋል። የካሴት ሽፋን የድምፃዊውን ስም በትልቁ ይጽፋል፤ የባንዱ ስም ካለ በታች በትንሹ ይገኛል፤ የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የቤተ መዛግብት ዝርዝር አይቤክስንና ሮሃን የማይተዋወቁ ሁለት ባንዶች አድርጎ ከመዘገበ፣ የአንድ ጊታር ተጫዋች የሥራ ዘመን ለሁለት ይቆረጣል፤ ግማሹንም የሚያገኝለት ተመራማሪ ላይኖር ይችላል። በእያንዳንዱ የባንድ ስም ሥር የተጫዋቾቹ ዝርዝር ከነዓመቱና ከነቀጣሪው ቤት እንዲሰፍር የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ጃኖ የተባለው የሮክ ባንድ በትርጉም የተመረጠ ስም ያለው ይመስላል፤ ጃኖ ቀይ ጥለት ያለው የመኳንንት ልብስ ነውና። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን እዚህም ቃሉን ከመፍታት አስቀድሞ ጮክ ብሎ መጥራት ይጠቅማል። ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ሮሃ፣ ጃኖ፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ በአንዱም የሉም። አምስት ስም ትንሽ ናሙና ነው፤ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ግን ሰፋ ባለ ዝርዝር መፈተን የሚገባው፣ አሁን በንድፌ ውስጥ በፈረሰው ሠንጠረዥ ቦታ የገባው ጥያቄ ይህ ነው።