ገንፎው ምን በደለ?

ሰው እራቱን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ የሚያንገሸግሻቸው ወዳጆች አሉኝ። «ድሮ ምግብ ይከደን ነበር፤ ዛሬ ዓለም ካላየው አይበላም» ይላሉ። መሠረት የለውም አልልም። እናቶቻችን መሶብ የሚከድኑት ለዝንብ ብቻ አልነበረም። ዓይን ይፈሩ ነበር፤ ከዚያም በላይ የሌለውን ሰው ማስጎምጀት ነውር ነበር። የወጡ ሽታ ለደረሳት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ይላክላታል እንጂ በር አይዘጋባትም።

እሺ፣ ነውሩ ግን የቱ ላይ ነው? የፋሲካውን ዶሮ ከነአሥራ ሁለት ብልቱ፣ የሆቴሉን ክትፎ፣ የሠርጉን ቁርጥ ስንለጥፍ «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» እንባላለን። የሚያስጎመጅ ካለ ይሄ ነው። የማክሰኞ ማታ ሽሮ ማንን ያስጎመጃል? እኛ ግን ድግሱን አደባባይ አውጥተን እራታችንን እንደብቃለን። ይሄ ጨዋነት አይደለም፤ ሀፍረት ነው።

ሀፍረቱ ደግሞ ከመሀል አገር በራቁ ቁጥር ይብሳል። አሶሳን እንውሰድ። በበርታዎች ቤት የዘወትር ምግብ የማሽላ ገንፎ ነው፤ ማባያው የባሚያ ወጥ። ባሚያን በርታዎች ከንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። በወቅቱ እርጥቡ፣ በበጋ ደርቆ የተፈጨው ይሠራል። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው የቀርከሃ ቀንበጥም ተልጦ፣ ተቀቅሎ ይበላል። ቻይናዎች ይህንኑ የቀርከሃ ቀንበጥ በቆርቆሮ አሽገው ለዓለም ይሸጣሉ። ለአዲስ አበቤ ግን ቀርከሃ አጥር ነው፤ ገንፎም የአራስ ቤት ነው፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሚፈስበት። ገንፎ በባሚያ ሲያይ «ኧረ ይሄ ያዝለገልጋል!» ይላል። ይህን የሰማ የአሶሳ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በማግስቱ ካፌ የበላውን በርገር ቢለጥፍ ምን ይፈረድበታል?

«ባህላዊ ምግባቸውማ በየዓመቱ ይታያል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ኅዳር 29! በ2007 ዓ.ም. ዘጠነኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የተከበረው እዚያው አሶሳ ነበር። በእንዲህ ያለው በዓል ምግቡ ድንኳን ውስጥ ይደረደራል፣ ባለሥልጣን ይቀምሳል፣ ካሜራ ያነሳል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል። እራቱን የሚበላ ቤተሰብ ግን እዚያ የለም። ለመሆኑ የእኛ ሽሮ «ምግብ»፣ የእነሱ ገንፎ «ባህላዊ ምግብ» የሆነው በምን ሚዛን ነው?

ይህን ያህል የምሟገተው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክልሉ ውጭ ያለነው አብዛኞቻችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የምናውቀው በሁለት ዜና ነው። አንዱ ጉባ ላይ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ፣ ሌላው በ2013 በመተከል የደረሰው ግድያና መፈናቀል። በኮንክሪትና በሬሳ ቁጥር ብቻ የምናውቀውን ሕዝብ ጎረቤቴ ማለት ይከብደናል፤ ክፉ ሲወራበትም ለማመን እንፈጥናለን። ገንፎው አርሮበት፣ ከንከሴው ቀጥኖበት፣ ልጁ አልበላም ብሎት ያየነውን ሰው ግን እናውቀዋለን። የእኛው ቤት ነዋ! ፎቶ ግድያ ያስቆማል አላልኩም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ከበርታዎች ጋር አርባ ዓመት ተጎራብተዋል፤ የጎረቤታቸውን እራት ለማወቅ ፌስቡክ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው ለእኛ ለሩቆቹ ነው።

የመሶቡ ሕግም አልተሻረም። የማይላክ ምግብ አሳይቶ ዝም ማለት አሁንም ደግ አይደለም። ስለዚህ አሠራሩ አብሮ ይላክ፤ ዱቄቱ ስንት፣ ውሃው ስንት፣ እስከ መቼ ይማሰላል፣ የደረቀው ከንከሴ መቼ ይጨመራል። ባሕር ማዶ ያለው የአሶሳ ልጅ ባሚያውን ከሱቅ ያገኘዋል፤ የቸገረው እንደ እናቱ መሥራቱ ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚል ሕዝብ ነን። እንግዲያው የአሶሳ ሰዎች የማክሰኞ እራታችሁን ሳታፍሩ አሳዩን። እኛም «ያዝለገልጋል» ከማለታችን በፊት እንዴት እንደሚሠራ እንጠይቅ።