ለያሆዴ የሚቀባው እርጥብ ግድግዳ

የሀዲያው በዓል ያሆዴ ሲቃረብ በሆሳዕናና በሾኔ፣ የከምባታው መሳላ ሲደርስ በዱራሜና በዶዮገና ቤት ይጸዳል፣ ይለሰናል፣ ይቀባል። ዘመድ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት በዓል ነውና ቤቱ አምሮ መጠበቁ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሁለቱም በዓላት የሚውሉት በመስቀል ሰሞን፣ ግድግዳው የክረምቱን ውሃ እንደያዘ ነው። ያንን ግድግዳ በጀሶ ደፍኖ ቀለም መደረብ እድሳት አይባልም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። የቆርቆሮው ሚስማር ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጠብታው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ይሠራል። ቀዳዳውና ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ስለሚራራቁ፣ ከቀለበቱ ትክክል በላይ ያለውን ብቻ ደፍኖ የወረደ ሰው በቀጣዩ ክረምት ያው ቀለበት ይጠብቀዋል።

የአካባቢው ስደተኞች ከደቡብ አፍሪካ በላኩት ገንዘብ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ደግሞ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል። መጋጠሚያው ቢያፈስ ከወለሉ ጥግ ሻጋታ እስኪነሳ ድረስ የሚያውቅ የለም። ለማጣራት ግን ወጪ የለበትም፦ ውሃ በመጣበት ሰዓት የታንከሩን መሙያ ጨምሮ ሁሉንም ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው። ከዞረ የሚፈስ አለ።

የከፋው በጭቃ ቤት ላይ የሚሠራው ነው። ጭቃና ጭድ እርጥበት ይስባል፣ አየር ሲያገኝ መልሶ ያወጣል። ለዘመናዊነት ተብሎ በላዩ የሚለጠፈው የሲሚንቶ ልስን ይህን መውጫ ይዘጋል። ልስኑ ሲሰነጠቅ ዝናቡ ይገባል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል። ያኔ የባሕር ዛፉ ቋሚ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ቤቱ ደህና ይመስላል። በእንግሊዝ አገር በዴቨን ያሉ ጥንታዊ የጭቃ ቤቶችም በሲሚንቶ ከተለሰኑ በኋላ በዚሁ ምክንያት ተጎድተዋል።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት እርጥበትንና ሻጋታን ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ ሕመሞች ጋር አያይዟል። በእንግሊዟ ሮችዴል ስለ ሻጋታ አቤት ያለ ተከራይ ቀለም እንዲቀባበት ተነግሮት ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጁ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሞተ፤ የሞት ምርመራው ምክንያቱ ያ ሻጋታ መሆኑን አረጋገጠ። አገሪቱም በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣች።

እዚህም አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ጥጉን የሚቀባ አከራይ ያንኑ ነው የሚያደርገው። አየሩን የሚተነፍሰው ልጆቹን ይዞ የሚገባው ሰው ነው።

በእንግዳ ፊት የበለዘ ግድግዳ ያሳፍራል መባሉ እውነት ነው፤ እፍረቱ ግን የሚቀረው በቅደም ተከተሉ ሲሠራ ነው። ጣሪያው ዋናው ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይፈተሽ፣ የሚያፈሰው ይጠገን፣ የራሰው ልስን ይፈንቀል፣ የጭቃው ግድግዳ በጭቃ ይለሰን። ለያሆዴና ለመሳላ ቤቱ ይጠረግ፣ ይታጠብ፤ ውሃ የገባበት ግድግዳ ቀለም ግን የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ እስኪያደርቀው ይቆይ።