ለተሳፋሪ መኪና አምፕሊፋየር ያስፈልገዋልን?

በምሥራቅ ወለጋ፣ በአኖ ከተማ ዋና መንገድ ዳር ቆማችሁ ወደ ነቀምት የሚሄድ መኪና ጠብቃችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ መኪናው ገና ከባኮ በኩል ብቅ ሳይል ድምፁ ቀድሞት ይደርሳል። ቀርቦ ሲቆም መስተዋቱ ይርገበገባል፤ ረዳቱ የሚጠራው የከተማ ስም አይሰማም፤ ዋጋ የሚጠይቁ እናትም ጥያቄያቸውን ሦስት ጊዜ ለመድገም ይገደዳሉ። ይህ የሚሆነው ባለመኪናው ከፋብሪካ በመጣው ቴፕ ላይ አምፕሊፋየር ስላስጨመረበት ነው። ለመሆኑ ይህ ተጨማሪ መሣሪያ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪና ያስፈልገዋልን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አያስፈልገውም ይላል። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

በቅድሚያ የመሣሪያውን ምንነት እንመልከት። የመኪና ባትሪ የሚሰጠው 12 ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚያደርሰው ንጹሕ ኀይል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዋት አያልፍም። አምፕሊፋየር ግን ቮልቴጁን በውስጡ ከፍ አድርጎ በመቶ የሚቆጠር ዋት ያወጣል። ይሁን እንጂ የኀይሉ መብዛትና የድምፁ ከፍታ እኩል አይራመዱም። ኀይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዲሲብል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ወደ ዐሥር እጥፍ ማደግ አለበት።

የአምፕሊፋየር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት የመጀመሪያው መከራከሪያ፣ የሞተሩና የመንገዱ ጩኸት ትንሹን ቴፕ ስለሚውጠውና ድምፁ ከፍ ሲደረግም ስለሚሻክር፣ ጥርት ያለ ድምፅ ለማግኘት አምፕሊፋየር ግድ ነው የሚል ነው። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ትንሽ ቴፕ ከዐቅሙ በላይ እንዲጮኽ ሲገደድ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ መሻከሩም ከዚህ የተነሣ ነው። በግል መኪናው የሚጓዝ ሰው በባለሙያ አስገጥሞ በልኩ ቢጠቀምበት የሚነቅፈው አይኖርም። በተሳፋሪ መኪና የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ የጥራት ፍለጋ አይደለም። ጥራት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ያረጁትን ስፒከሮች ይለውጣል፤ የሚንኳኳውንም በር ያጠብቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሙዚቃው ሾፌሩን ከእንቅልፍ ይጠብቀዋል የሚል ነው። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አድካሚ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የእንቅልፍ መድኀኒቱ ዕረፍት እንጂ ጩኸት አይደለም። ከዚህም ሌላ ሾፌር የሚነዳው በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲወርድ የፍሬኑን ያልተለመደ ድምፅ፣ ከኋላው የሚመጣውን የጭነት መኪና ጡሩምባ፣ የአምቡላንሱን ጩኸት፣ «ወራጅ አለ!» የሚለውን ተሳፋሪ ሁሉ መስማት ይኖርበታል። እነዚህን የሚሸፍን ድምፅ ሾፌሩን አነቃው ሊባል አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ተሳፋሪው ራሱ ይወደዋል የሚለው ነው። እስቲ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አስቡ። አንዱ ወደ ነቀምት ሆስፒታል የሚወሰድ በሽተኛ ነው፤ አንዷ ሕፃን የታቀፈች እናት ናት፤ ሌላው ወንድሙ ሞቶበት ለቀብር የሚገሠግሥ ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛው በዘፈን መካከል ተቀምጦ ወደ ለቅሶ ይጓዛል። ከመናኸሪያ መኪና የሚወጣው በተራ ስለሆነ፣ ጸጥ ያለውን መኪና መርጦ መሳፈር አይችልም። ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ዝም ማለቱም ወድዶታል ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው የጤና ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች በሥራ ቦታ የሚሠራበት ልክ እንደሚያመለክተው፣ አንድ ሰው 85 ዲሲብል ለሆነ ድምፅ በቀን መጋለጥ የሚገባው ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዲሲብል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዲሲብል 1 ሰዓት፣ በ100 ዲሲብል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል የሚገኙት፣ ድምፅን የሚቀበሉት ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ዘንድ ተመልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆኑት መካከል ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ከፍተኛ ድምፅ በማዳመጥ የተነሣ የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ መውደቁን አስታውቋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተሳፋሪው ነቀምት ሲደርስ ይወርዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን እስኪመሽ ከድምፁ ጋር ይመላለሳሉ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ አብልጦ የሚጎዳው ያስገጠሙትን ሰዎች ነው። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በዕድሜ እምብዛም የማይበልጥ ወጣት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አሳዛኝ ያደርገዋል።

የአገጣጠሙም ሁኔታ ቢሆን የሚያሰጋ ነው። 400 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከባትሪው ወደ 40 አምፔር ይስባል። ለዚህ የሚሆነው ወፍራም ገመድና ከባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ ነው። በቀጭን ሽቦ፣ ያለ ፊውዝ ከተገጠመ ግን ሽቦው ግሎ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። ተሳፋሪው ከወንበሩ ሥር ያለውን ይህን አደጋ አያየውም።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ለድምፅም የመጠን ደረጃ እንዲወጣ መደንገጉ፣ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ቅሬታ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን የድምፁ መክፈቻ ያለው በሾፌሩ እጅ ስለሆነ፣ ከሕጉ አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው እርሱ ነው።

በአጠቃላይ፣ ሙዚቃ መንገድን ያሳጥራል፤ የሚጠላውም የለም። ዳሩ ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ለአንድ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ይበቃል። ለአምፕሊፋየር የሚወጣው ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ቢውል ሁሉንም ይጠቅማል። እናንተም ስትሳፈሩ «ጋሼ፣ እባክዎ ድምፁን ቢቀንሱልን» ብላችሁ በትሕትና ለመጠየቅ አትፈሩ። ነገ ከእናንተ መካከል ሾፌር ወይም የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ፣ በመኪናው ውስጥ ካሉት መካከል ሐዘንተኛና በሽተኛ ሊኖር እንደሚችል ያስታውስ።