ዶሮው እና ከልጆቹ የተረፈው መድኃኒት

ዛሬ ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁና እንጀምር።

በቤታችን አንድ መሳቢያ ነበረች። ከልጆቹ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን፣ ባለቤቴ “አሁንስ ተሽሎኛል” ብሎ በሦስተኛው ቀን የተዋቸው እንክብሎች፣ የማን እንደነበር የማላስታውሰው ሽሮፕ፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። የመጋቢ ቤት ደግሞ እንግዳ አያጣም። አንዷ እኅት “ሆዴን አመመኝ” ስትል ከዚያች መሳቢያ አውጥቼ “በይ ይህን ዋጥ አድርጊ” እላለሁ። ይህንን እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር።

አንድ ጊዜ በትንሣኤ ማግስት የሦስት ዓመቱን የመጨረሻ ልጃችንን ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘው። እንደ ልማዴ መሳቢያዬን ከፈትሁና ሁለት ቀን ያንኑ የተረፈ ሽሮፕ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ውኃ እንኳ አልቀበል ሲል ሐኪም ቤት ይዘነው ሮጥን። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ምን ሰጣችሁት?” ብላ ነው። አፈርሁ። በምርመራው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘ፤ የሰጠሁትም መድኃኒት የማይገድለው ዓይነት ነበር። ልጃችን ሌላ መድኃኒት ተሰጥቶት ዳነ። ከየት እንደያዘው በእርግጥ ማወቅ አይቻልም። እኔ ግን የበዓሉ ዕለት ዶሮውን በገነጠልሁበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ መክተፌን አልረሳሁትም።

ሳልሞኔላ ምንድን ነው?

ሳልሞኔላ ከ2,500 በላይ ዓይነቶች አሉት። ሁላችን የምናውቀው የታይፎይድ ባክቴሪያ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እርሱ ግን የሚኖረው በሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ በእንስሳት አንጀት ይኖራሉ። ዶሮዋ ምንም ሳትታመም ይዛው ልትዞር ትችላለች፤ ስትታረድና ሲወጣ ሲገባ ሥጋውን ይነካል። ከእነዚህ አንዱ በጀርመን ከተማ ስም ሄደልበርግ ይባላል። በሰሜን አሜሪካ የዶሮ ሥጋ ላይ ሐኪሞችን ሲያስጨንቅ የኖረው ይህ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከዶሮ ሥጋ ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ 634 ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል፤ ከተገኙት የሄደልበርግ ዝርያዎችም ብዙ መድኃኒት የተላመዱ ነበሩባቸው።

መድኃኒት የሚላመደው እንዴት ነው? አንቲባዮቲክ የሚሸነፉለትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ መቋቋም የቻሉት ግን ይተርፋሉ፤ ቦታውም ለእነርሱ ይለቀቅላቸዋል። በዚያ ላይ መቋቋሚያቸውን ለጎረቤት ባክቴሪያ ያቀብላሉ። ስለዚህ በከንቱ የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ ጠላትን እንደ ማሠልጠን ነው።

የኩቤክ ትምህርት

በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት የሆነውን ስሙ። በዚያ ያሉ ጫጩት ማስፈልፈያዎች ሴፍቲዮፈር የሚባል መድኃኒት ገና ያልተፈለፈለ እንቁላል ውስጥ ይወጉ ነበር። ይህ የታመመን ለማከም ሳይሆን ጫጩቶቹ እንዳይታመሙ ተብሎ የሚደረግ ነው። ይህ መድኃኒት በእኛም ሆስፒታሎች ከሚታወቀው ከሴፍትሪያክሶን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በሳልሞኔላ ክፉኛ የታመመን ሕፃን ለማዳን የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ሴፍትሪያክሶን ነው። አንዱን የተላመደ ሌላውንም አይፈራም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በኩቤክ ከሱቅ በተገዛ የዶሮ ሥጋ ላይ ከተገኘው ሄደልበርግ ከመቶ 62 እጁ ሴፍቲዮፈርን ተላምዶ ነበር፤ ከታመሙ ሰዎች ከተገኘው ደግሞ ከመቶ 36 እጁ። ነገሩ ሲያስደነግጥ አስፈልፋዮቹ በ2005 በፈቃዳቸው መድኃኒቱን መስጠት አቆሙ። በ2006 በዶሮው ሥጋ ላይ የነበረው ወደ 7፣ በሰዎቹ ላይ የነበረው ወደ 8 ከመቶ ወረደ! በ2007 በከፊል ሲመለሱበት መላመዱም እንደገና ማንሠራራት ጀመረ። በመጨረሻ በ2014 የካናዳ የዶሮ አርቢዎች ለሰው ሕክምና እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን መድኃኒቶች ለመከላከያ ብለው መስጠትን በመላው አገሪቱ አቆሙ።

እኔ ይህንን ሳነብ መሳቢያዬ ትዝ አለችኝ። እነርሱ “ሳይታመም እንስጠው” አሉ፤ እኔም “ምንም ይሁን ምን እንስጠው” እል ነበር። ከኩቤክ የተማርሁት ግን ተስፋ የሚሰጥም ነው፤ ሲያቆሙ ቀነሰ። የእኛም ማቆም ከንቱ አይሆንም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እኅቶቼ፣ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የሙያችን መለኪያ መሆኑን አውቃለሁ። ተዉት አልልም፤ በቤት የታረደ ዶሮ ሳይጸዳ አይሠራም። ነገር ግን ሎሚና ጨው ጠረኑን ቢያጠፉም ሳልሞኔላን አይጨርሱትም፤ ውኃው ሲረጭም በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ ለብቻው በሆነ ሳፋ፣ ከሰላጣና ከእንጀራ ርቃችሁ እጠቡ። ቢላዋና መክተፊያ ለዶሮ ለብቻ ይሁን፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሲደርስ ባክቴሪያው ይሞታል። ደህና አድርጎ የበሰለ ዶሮ ወጥ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከመብሰሉ በፊት የነካነው ነው።

በጓሯችሁ ዶሮ የምታረቡ ደግሞ፣ ሳይታመሙ አንቲባዮቲክ በውኃቸው አትበጥብጡ። ሲታመሙ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ስንት ቀን ሥጋቸውና እንቁላላቸው መበላት እንደሌለበትም ጠይቁ።

ልጅ ሲያስቀምጠው ቅድሚያ የሚሰጠው ፈሳሽ ነው፤ በውኃ የሚበጠበጠውን ኦ.አር.ኤስ. በቤታችሁ አኑሩ። በጤነኛ ሰው ላይ የሳልሞኔላ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። ጨቅላ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም አቅመ ደካማ ሲሆን ግን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ወይም ፈሳሽ አልወስድ ማለት ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሐኪም ያዘዘውንም ልክ እንደታዘዘው ውሰዱ፤ ለሌላ አታካፍሉ።

ባለቤቴና እኔ አንድ ምሽት ያቺን መሳቢያ አብረን ባዶ አደረግናት፤ ያለውን ሁሉ ለፋርማሲ ባለሙያ አስረከብን። ዛሬ “ሆዴን” የምትል እኅት ስትመጣ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጬ እሰጣታለሁ፤ ካልተሻላት ሐኪም ቤት አብሬያት እሄዳለሁ። ይህ ከእንክብሉ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ደግነት ግን ይህ ኖሯል። እናንተስ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ ዛሬ ማታ የእናንተን መሳቢያ ብትከፍቱት?

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።