የዱቤ ደብተራችን ስለ ኦሞ ግድቦች የሚለው

በኦሞራቴ ዱቤ የሚሰጠው በጥቅምት ነው። ክረምት ላይ በሸዋ፣ በጅማና በከፋ ደጋ የዘነበው ዝናብ ኦሞን ሞልቶ ታች ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። መስከረም ሲጠባ ውሃው ይሸሻል፤ ዳሰነቾች በቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። እኛ ደግሞ የቡና ገለባውን፣ ጨርቁን፣ ጨውን፣ ጀሪካኑን ከመኪና አውርደን ስም እየጻፍን እንሰጣለን። ማሽላው ሲደርስ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ተበዳሪው ራሱ ይመጣል። ዋስ ጠይቀን አናውቅም። ዋሳችን ወንዙ ነበር።

ይህ አሠራር በደብተራችን ላይ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ይነበባል። በጥር 2007 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወንዙ ከአልጋው አልወጣም። ዓመቱ የድርቅ ዓመትም ነበር፤ እሱን አንክድም። ግን በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም የጠበቅነው ሙላት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይበዛባቸዋል፦ «ለከርሞ ተላልፏል»፣ «በፍየል ተከፈለ»፣ «ግማሹ ተሰረዘ»። ፍየል የሚከፍል ሰው ካፒታሉን እየበላ ነው። ፍየሉ ሲያልቅ ደንበኛችንም ያልቃል።

የዘወትር ደንበኛችን የነበሩ አንድ የዳሰነች አባት በ2009 ዓ.ም. ሁለት ፍየል እየነዱ መጥተው፣ በአስተርጓሚ እንዲህ አሉን፦ «ወንዙን ማን እንደወሰደው ንገሩኝ፤ የቀረውን ዕዳ ከእሱ ተቀበሉ።» ሳቅን፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ያኔ መልስ አልነበረንም። እኛ ኮሜርስ የተማርን ሰዎች ነን፤ አንድ ሥራ የማን እንደሆነ ለማወቅ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማየት እንደሚቀድም ተምረናል። ስለዚህ የገንዘቡን መንገድ ተከተልን።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንናገር፤ ምክንያቱም ከአሁኑ «የአገር ልማት ጠላቶች» የሚለን እንዳለ እናውቃለን። ለዓባይ ግድብ ቦንድ ገዝተናል። አንዳንዶቻችን ሁለቴና ሦስቴ ገዝተናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ሱቃችን ውስጥ ተሰብስበን አይተን እልል ብለናል። ያ ግድብ በዋነኛነት በራሳችን ኪስ ተሠራ፤ የውጭ መንግሥታት አናበድርም ሲሉ እኛ ከፈልን። ኦሞ ላይ የሆነው ግልባጩ ነው። እዚያ የውጭ መንግሥታትና የመንግሥት ባንኮች ገንዘባቸውን ይዘው መጡ፤ ታች ያለውን ሰው ግን የጠየቀው የለም።

መጀመሪያ የመጣችው ጣሊያን ናት። በ1997 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ለግልገል ጊቤ 2 የ220 ሚሊዮን ዩሮ ብድር ፈቀደ። ሥራው ሳሊኒ ለተባለው የጣሊያን ኩባንያ ያለ ጨረታ ተሰጥቶ ነበር። ማመንጫው በጥር 2002 ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ዋሻው አንዱ ክፍል ተደረመሰና ሥራው ቆመ። ገንዘቡ ከሮም ወጥቶ ወደ ጣሊያን ኩባንያ ተመለሰ፤ የዕዳው ወረቀት ግን አዲስ አበባ ቀረ። ይህንን «እርዳታ» ብለው ነው የሚመዘግቡት።

ቀጥሎ ግልገል ጊቤ 3 መጣ፦ ከፍታው 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋዋት። ውሉ በ1998 ዓ.ም. ለዚያው ኩባንያ፣ አሁንም ያለ ጨረታ ተሰጠ። የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ የወጣው በጥር 2001 ነው። ቁፋሮው ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። የራሳችን አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም ያዛል። እኛ አንዲት ቁርስ ቤት ለመክፈት ፈቃዱን ቀድመን ካላወጣን ትታሸጋለች፤ ወንዝ ለመዝጋት ግን ፈቃዱ ኋላ ይመጣል።

የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ይህን ግድብ ለመደገፍ ሲያጠኑ ቆይተው በ2002 ዓ.ም. ግድም ተዉት። ጎጂ ነው ብለው አይደለም የተዉት፤ ሌላ አበዳሪ ተገኘ ተብሎ ነው። የተገኘው የቻይና መንግሥት ባንክ ሲሆን፣ ለማሽኑ ግዢ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሰጠ። ማሽኑም የቻይና ነው። የሮሙ ሒሳብ ቤጂንግም ሠርቷል።

ከሁሉ ያናደደን የዓለም ባንክ ነው። ግድቡን አልደግፍም አለ፤ ከዚያ በሐምሌ 2004 ከግድቡ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ኬንያ ለሚወስደው መስመር 684 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። የፈረንሳይ መንግሥት የልማት ድርጅትም አብሮ አዋጣ። እቃውን አልገዛሁም፣ መንገዱን ብቻ ነው የሠራሁት እንደማለት ነው። ገዢ የሌለው ኤሌክትሪክ ግን አይገደብለትም። መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከሞያሌ በስተምዕራብ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ይደርሳል፤ 1,045 ኪሎ ሜትር። ሞያሌ ያላችሁ ወገኖቻችን ስትመላለሱ ምሰሶዎቹን አይታችኋል። እነዚያ ሽቦዎች የሚይዙት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጥተኛ ኮረንት ነው፤ መሃል ላይ ተቀንሶ ለመንደር አይሰጥም። ቦረናም፣ ገብራም፣ ሳምቡሩም ከሥሩ ከብት ያግዳሉ እንጂ አምፖል አያበሩበትም። በኅዳር 2015 ኬንያ 200 ሜጋዋት መግዛት ጀመረች። ንግዱን አንቃወምም፤ ነጋዴዎች ነን። ዶላር ይግባ። የምንጠይቀው ከዚያ ዶላር ለዳሰነች ስንት ደረሰ ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን እንምጣ፤ ክርክሩ ባዶ አይደለምና።

በነሐሴ 1998 ኦሞ በሌሊት ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ያንን የሚያስታውስ ሰው ግድብ ያስፈልጋል ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን የግድቡ ባለቤቶች ራሳቸው በጥናታቸው የጻፉት መፍትሔ ነበር፦ በየዓመቱ ክረምት ማብቂያ ላይ ለአሥር ቀን ያህል ውሃ በልክ ይለቀቃል፣ እርሻው ይጠጣል፣ ሰው አይሞትም። ይህ ቃል ነው። ባንኮቹ ተቀብለውታል። እኛ ለአንድ ኩንታል ስኳር ያስፈረምነውን ሰው በቀኑ ካልከፈለ እንጠይቀዋለን፤ ይህን ቃል ግን ማን ተከታተለው? ከአበዳሪዎቹ አንዱ እንኳን ነሐሴ ላይ ኦሞራቴ ወርዶ ውሃው መጥቶ እንደሆነ ሲጠይቅ አላየንም። ከላይ ያለው የኩራዝ ስኳር ልማት ደግሞ ከዚያው ወንዝ በቦይ ይቀዳል።

ሁለተኛው ክርክር አዲስ ነው። «ቱርካና ሐይቅ ይደርቃል አላችሁ፤ ይኸው ሞልቶ ፈሰሰ» ይሉናል። እውነት ነው፣ ባለፉት ዓመታት ሐይቁ ከፍ ብሏል፤ በላይ የዘነበው ዝናብ ብዙ ነው። ዳሰነች ውስጥ ስንት መንደር ውሃ እንደዋጠው፣ ስንት አሥር ሺህ ሰው እንደተፈናቀለ እኛ በዓይናችን አይተናል፤ ለኦሞራቴ ከተማ ራሷ ሰግተናል። ግን ይህ የድሮው ሙላት አይደለም። የድሮው በነሐሴ መጥቶ በመስከረም የሚሄድ፣ ደለል አራግፎ የሚመለስ እንግዳ ነበር። የአሁኑ መጥቶ የማይሄድ ነው፤ የግጦሹን ሣር አስምጦ ተኝቷል። በግድቡ ዘመን ታች ያለው ሰው ከሁለቱም አልዳነም፦ የሚፈልገው ውሃ ቀረበት፣ የማይፈልገው መጣበት። ጎርፍ ይከላከልላችኋል የተባለለት ግድብ ደግሞ እዚያው ቆሟል።

ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ ከአሥር እጅ ስምንቱ ዘጠኙ ከኦሞ ነው። አሳውም የሚረባው የወንዙን ሙላት ተከትሎ ነው። ድንበር ማዶ ኢለሬትና ቶዶንያንግ ደረቅ አሳ የምትገዙ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን በ2010 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባቸው ግድቡን ዋና ምክንያት አድርጎ ነው። የኬንያ መንግሥት ግን የኤሌክትሪኩ ገዢ ስለሆነ ለራሱ ዓሣ አጥማጆች ሲጮህ እምብዛም አልሰማነውም።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ለታሪክ አይደለም። ከግልገል ጊቤ 3 በታች፣ በዚያው ኦሞ ላይ፣ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። ውሉ በመጋቢት 2008 ለዚያው የጣሊያን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዩሮ ተፈረመ። 1,800 ሜጋዋት ገደማ ያመነጫል ይባላል። ይህን የሚያክል ገንዘብ ከቦንድ ሽያጭ አይመጣም፤ የውጭ መንግሥት ብድር ወይም የብድር ዋስትና ይፈልጋል። እኛም የምንቃወመው እሱን ነው። ሮምም ትሁን ቤጂንግ ወይም ሌላ፣ አንድም መንግሥት ለኮይሻ ገንዘብ እንዳይሰጥ፣ ዋስም እንዳይሆን እንላለን፤ መጀመሪያ የግልገል ጊቤ 3 ቃል ይፈጸም። ውሃው በልክና በጊዜው ይለቀቅ፤ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ለዳሰነች፣ ለኛንጋቶም፣ ለካሮ በቋንቋቸው ይነገር። የሁለቱ ግድብና የስኳሩ ጉዳት አንድ ላይ፣ የኬንያውን ዳርቻ ጨምሮ፣ ተጠንቶ ይውጣ። የመጀመሪያውን ዱቤ ያልከፈለ ሰው ሁለተኛ አይሰጠውም፤ ይህን ለመወሰን የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ደግሞ ዕዳው የኛም ነው። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያን ቀን በዶላር ዕቃ አዘው የነበሩ ጓደኞቻችን ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን። የአገር ዕዳም እንደዚያው ነው፦ በዩሮ የተበደርነው ባለበት ቆሞ በብር ግን እጥፍ ሆነ። በዳሰነች ማሽላ ኪሳራ የተገዛ ዕዳ ልጆቻችን በዘይትና በስኳር ዋጋ ላይ እየተጨመረ ይከፍሉታል።

ይህ አይቻልም የሚለን ካለ፣ በጥር 2006 የአሜሪካ ምክር ቤት በበጀት ሕጉ ውስጥ አገሪቱ በዓለም አቀፍ ባንኮች ለትልልቅ ግድቦች የሚሰጥ ብድርን እንድትቃወም አስገብቶ ነበር። በዚያው ሕግ በታችኛው ኦሞ ሰው ለሚያፈናቅል ሥራ የአሜሪካ እርዳታ እንዳይውልም ተጻፈ። ያ የመጣው ሰዎች ለተወካዮቻቸው ስለተናገሩ ነው። ሮምና ሚላኖ፣ ፓሪስ፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ልጆቻችንና እህቶቻችን ድምፅ ትሰጣላችሁ፣ ግብር ትከፍላላችሁ። ገንዘቡ የሚወጣው ከእናንተም ደመወዝ ነው።

ከእኛ ደግሞ ወረቀት ይጠበቃል። ኦሞራቴ፣ ቱርሚ፣ ጂንካ፣ ኢለሬት ያላችሁ ነጋዴዎች የድሮ የዱቤ ደብተራችሁን አትጣሉ፣ ለምድጃም አትስጡ። ከ2005 እስከ 2010 ያሉትን ገጾች በስልክ አንሷቸው፤ የተበዳሪውን ስም ሸፍኑት፣ ቀኑንና «በማሽላ» ወይም «በፍየል» የሚለውን ተዉት። የመጪው ጥቅምት ዱቤ ከመጀመሩ በፊት አሰባስበን በአንድ ላይ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በአዲስ አበባ ላሉት የአበዳሪ አገሮች ኤምባሲዎች በእጃችን እናደርሳለን።