ዕድሜዋን ብቻ አንቁጠር

ረጅም ዘመን ኖራ ያረፈችን የገጠር ሴት ስናስታውስ ዕድሜዋንና የልጅ ልጆቿን እንቆጥራለን። ሥራዋንስ?

የካናዳዋን አይሪን መርዶክን እናንሳ። ፕሬሪ በሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በአልበርታ፣ ለ25 ዓመት በትዳር ስትኖር ድርቆሽ አጭዳለች፤ ትራክተር ነድታለች፤ ከብት ከትባለች። ባሏ በየዓመቱ ለወራት ሥራ ሲሄድ የከብት እርባታውን የምትይዘው እሷ ነበረች። ሲለያዩ ድርሻዋን ጠየቀች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 «ማንኛዋም የአርቢ ሚስት የምትሠራው ነው» የሚለውን የሥር ፍርድ ቤት አቋም ተቀብሎ ድርሻ ነፈጋት። ሴቶች ተቆጡ፤ ሕጉም ተለወጠ። አልበርታ በ1978 የባልና ሚስት ንብረት ሕግ አወጣች።

ስለዚህ እንላለን፦ እነዚህን ሴቶች «ደግ እናት ነበሩ» ብለን ብቻ አንሸኛቸው። ያጨዱትንም የነዱትንም እንጻፍላቸው። ያልተጻፈ ልፋት ድርሻ ሲጠየቅ እንዳልተለፋ ይቆጠራልና።